«ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አይራገጥም»፦ ለባለቤት ሽጉጥ ስለመምረጥ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ለትዳር አጋር የሚሆን፣ እጅ የማይመታና በችግር ጊዜ የማይከዳ ሽጉጥ የትኛው ነው? መልሶቻችን የጦር መሣሪያ ፈቃድ ላላቸው ወይም በሚኖሩበት አገር ሕግ ፈቃድ ማግኘት ለሚችሉ አንባቢያን ናቸው። ፈቃዱ በባል ስም ሆኖ መሣሪያውን ሚስት ልትይዘው ትችል እንደሆነ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ከግዢው በፊት ያ ይጣራ።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ሽጉጥ ልገዛላት አስቤያለሁ። እጇ ትንሽ ነው፤ ተኩሳም አታውቅም። ርግጫው እንዳያስደነግጣት ብዬ ባለ .380 ጥይቱን ሩገር ኤልሲፒ ሽጉጥ መርጫለሁ። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ሳላማክራት ድንገት ልሰጣት ነው። ምርጫዬ ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማንም። ገንዘቡን ገና አላወጡምና ሁለቱም ይታረማሉ።

አንደኛው የክብደት ጉዳይ ነው። አረሩ ወደ ፊት ሲወጣ ሽጉጡ በዚያው መጠን ወደ ኋላ ይገፋል። ግፊቱን መጀመሪያ የሚቀበለው ብረቱ ነው፤ ብረቱ ከባድ ሲሆን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀላል ሲሆን ፈጥኖ መዳፍን ይመታል። ኤልሲፒ ባዶውን 266 ግራም ብቻ ነው። ጥይት ሞልቶ 340 ግራም ያህል ቢሆንና የተለመደውን ባለ 6 ግራም የ.380 አረር ቢተኩስ፣ እጅ ላይ የሚያርፈው የርግጫ ጉልበት በግምት 6 ጁል ይሆናል። ግሎክ 19ን ይውሰዱ። ጥይቱ 9×19 ነው፤ የአረሩ ጉልበት ከ.380 እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ሽጉጡ ግን ሞልቶ 850 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ርግጫው 5.4 ጁል አካባቢ ነው። ባለ .380ው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ ሺልድ ኢዜድ ደግሞ ባዶውን 524 ግራም ነው፤ በዚያው በ.380 ጥይት ርግጫው ወደ 3.4 ጁል ይወርዳል። አንድ ዓይነት ጥይት፣ ሁለት ሽጉጥ፣ ልዩነቱ ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ቁጥሩ ደግሞ ሁሉንም አይናገርም። የኤልሲፒ እጀታ አጭር ስለሆነ የሚይዙት ሁለት ጣቶች ናቸው፤ ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ግፊቱ በጠባብ ቆዳ ላይ ያርፋል፣ አፈሙዙም በየተኩሱ ወደ ላይ ይዘላል። ማነጣጠሪያው ትንሽ ነው፤ ምላጩም ረጅም መንገድ ይጓዛል። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ልብስ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይታይ ለሚፈልግ፣ መተኮስ ለለመደ ሰው የተሠራ ነው። ለጀማሪ መስጠት መኪና መንዳት ለሚማር ሰው የውድድር መኪና እንደ መስጠት ነው፤ ትንሽነቱ አይዋጅለትም።

ሁለተኛው ድንገተኛ ስጦታነቱ ነው። ጫማ እንኳ ሳይለኩ አይገዛም፣ ሽጉጥ ደግሞ ከጫማ ይልቅ ልክ ይፈልጋል። ባለቤትዎ ራሳቸው ሄደው፣ ራሳቸው ጨብጠው፣ ቢቻል ራሳቸው ተኩሰው ይምረጡ። ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ካዝናው (ጥይት የሚደረደርበት፣ እጀታው ውስጥ የሚገባው ሣጥን) ይውጣ፤ ሽጉጡ ይቀባበል፤ ጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ከዚያ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለውን የእጅ ሹካ እጀታው ላይ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ይያዙት። አፈሙዙ ከክንዳቸው አጥንት ጋር በአንድ መስመር ሲሆን፣ የአመልካች ጣት ጫፍ ሥጋ (ጥፍሩ ካለበት በስተውስጥ ያለው) ምላጩ መሐል ላይ ሊያርፍ ይገባዋል። ጣታቸው እንዲደርስ እጃቸውን ወደ ጎን ካዞሩ እጀታው ሰፍቷቸዋል፤ ርግጫውም በቀጥታ የአውራ ጣት መገጣጠሚያን ይመታል። ጣቱ ምላጩን አልፎ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ከገባ ጠቦአቸዋል። ብዙ ዘመናዊ ሽጉጦች ከሁለት ወይም ከሦስት ተለዋጭ የእጀታ ጀርባዎች ጋር ስለሚመጡ፣ «ሰፋ» ብለው ከመተዋቸው በፊት ትንሹን ገጥመው ይሞክሩት።

እጃቸው ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የምናስጨብጣቸው ሺልድ ኢዜድን ነው፤ በ.380 የወጣው በ2018 ነው፣ ባለ 9×19ውም በ2020 ተከትሏል። ቀጥሎ ሲግ ፒ365ን ይያዙ፤ ባዶውን 500 ግራም አካባቢ ሆኖ 10 ጥይት ይይዛል፣ እጀታውም ቀጭን ነው። በየቀኑ የማይያዝ፣ ቤት የሚቀመጥ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ግሎክ 19 ወይም የብረት አካል ወዳለው፣ አንድ ኪሎ ወደሚጠጋው ሲ ዜድ 75 ይሂዱ። ቤት ውስጥ ክብደት ወዳጅ ነው። የሲ ዜድ እጀታ ግን ለአንዳንድ እጅ ስለሚሰፋ ከላይ ያለው ልኬት አይዘለል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ማካሮቭም፣ ቫልተር ፒፒኬም፣ ግሎክም ሁሉም «9 ሚሊ ሜትር» ናቸው፤ ጥይታቸውም አንድ ነው ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አደገኛም ስህተት ነው። ሦስት ጥይቶች በአንድ ስም ይጠራሉ። 9×17 የሚባለው የ.380 ሌላ ስሙ ነው፤ ፒፒኬ በብዛት የሚሠራው በእሱና በ.32 ነው። 9×18 የማካሮቭ ነው፤ ማካሮቩ ራሱ በሶቭየት ጦር በ1951 ሥራ ላይ የዋለ ሽጉጥ ነው። 9×19 ደግሞ ሉገር ወይም ፓራቤለም የሚባለው፣ ግሎክ 19ና ሌሎች ብዙዎች የሚተኩሱት ነው። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። የማካሮቭ አረር ደግሞ ከሁለቱ ይወፍራል፤ እሱ 9.27፣ እነሱ 9.02 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። የትክክለኛው ጥይት ስያሜ ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ወይም አካሉ ላይ ተቀርጾ፣ በቀለሁ ቂጥም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ አያጉርሱ። «ገባ እኮ» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ አጭሩ ጥይት ረጅሙ መጉረሻ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል።

ጥያቄ፦ የጦር መሣሪያ የሚያውቅ ዘመዴ «ለሴት ሪቮልቨር ነው፤ አይነክስም (ሲተኮስ መሐል ላይ ተይዞ አይቀርም)፣ ሲከሽፍም ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው» አለኝ። አጭሩንና ቀላሉን ባለ አምስት ጥይት አሳየኝ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ግማሹ ትክክል ነው። የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥም ምላጩን ደግሞ መሳብ ሌላ ጥይት ከፊት ያመጣል፤ ከአውቶማቲኩ የሚቀለው በዚህ ነው። ስላይድ (በአውቶማቲኩ አናት ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሮጠው ብረት) ስለሌለውም የሚሳብ ብረት የለም።

ዘመድዎ የዘለሉት ምላጩን ነው። የሪቮልቨር ምላጭ መዶሻውንም ጎትቶ፣ ጥይት የያዘውንም ጎማ ስለሚያዞር ብዙ ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ጉልበት ይጠይቃል። የግሎክ ዓይነቱ 2.5 ኪሎ አካባቢ ነው። ያሳዩዎት አጭር ሪቮልቨር እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያለ ከሆነ 410 ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ነገር ላይ አምስት ኪሎ ሲጎተት ምን እንደሚሆን ያስቡት፤ ሽጉጡ ወደ ጣቱ ይሄዳል፣ አረሩም ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ርግጫውም በተለመደው የ.38 ስፔሻል ጥይት 7.5 ጁል ገደማ ነው። ከላይ ካነሳናቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ሪቮልቨር ከወደዱ ከባዱን ይውሰዱ። ባለ 4 ኢንች አፈሙዝ፣ የብረት አካል ያለው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 አንድ ኪሎ አካባቢ ነው፣ ስድስት ጥይት ይይዛል፤ ያንኑ ጥይት ሲተኩስ ርግጫው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ባለቤትዎ ባዶውን ሪቮልቨር ይዘው ምላጩን በተከታታይ ስድስት ጊዜ፣ አፈሙዙ ሳይንቀጠቀጥ፣ በአመልካች ጣት ብቻ መሳብ ከቻሉ ይስማማቸዋል። በአራተኛው ሁለተኛውን እጅ ለእርዳታ ከጠሩ አይስማማቸውም። (የ.22 ሪቮልቨር ከሆነ ያለ ማለማመጃ ጥይት (ባሩድ የሌለው የማስመሰያ ጥይት) በባዶው አይሳብ፤ መርፌው የመጉረሻውን ጠርዝ ይቀጠቅጣል።)

«አይነክስም» የሚለውም እንደሚወራው አይደለም። ቀለህ በሚያወጣው ኮከብ ብረት ሥር ያልተቃጠለ የባሩድ ቅንጣት ከገባ ጎማው ጠብቆ ምላጩን ያከብደዋል። በጣም ቀላል በሆነ ሪቮልቨር ላይ ደግሞ ርግጫው ያልተተኮሱትን አረሮች ከቀለሃቸው እየጎተተ ወደ ፊት ያወጣቸዋል፤ አንዱ ከጎማው አፍ ብቅ ካለ ጎማው መዞር ያቆማል። ያኔ ምላጩን ደግሞ መሳብ አይረዳም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ነው፤ እሱ የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ስላለበት ሽጉጡን ማቀባበል አቃተው። የእኔም ጉልበት አይበቃም። ሽጉጡ ቫልተር ፒፒኬ በ.380 ነው። ጥይቱ ደካማ ነው ተብለን ነበር የገዛነው።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ጥይቱ ደካማ መሆኑ እዚህ ላይ አያድንም፤ የሚያስቸግራችሁ የሽጉጡ አሠራር ነው። በፒፒኬና በማካሮቭ ውስጥ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተተከለ ነው። ጥይቱ ሲፈነዳ ስላይዱ ወዲያው እንዳይከፈት የሚይዘው የራሱ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞላው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ሲያቀባብሉ የሚታገሉት ከእሱ ጋር ነው። እንደ ሺልድ ኢዜድ ባሉት ደግሞ አፈሙዙና ስላይዱ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይላቀቃሉ። ቁልፉ ስለሚረዳው ሞላው ልል መሆን ይችላል። ለስላሳ ርግጫም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የሁለቱ ዓይነት .380 ስሜት አይገናኝም።

ሽጉጡን ከመለወጣችሁ በፊት አያያዙን ለውጣችሁ ሞክሩ። ባዶውን፣ ያለ ካዝና። ብዙ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ስላይዱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይጎትታል፤ ይህ በጣት ጉልበት ብቻ መሥራት ነው። ይልቅ ሽጉጡን ወደ ደረት አስጠጉት፣ ከጎድን አጥንታችሁ መዳፍ ያህል ራቅ አድርጉት፤ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንጂ ወደ ጎን ወይም ወደ ክንዳችሁ እንዳይዞር። ግራ እጅ ከላይ ይምጣ፤ አራቱ ጣቶች በአንድ ጎን፣ የመዳፉ ሥር በሌላው ጎን ስላይዱን ከኋላ በኩል አጥብቀው ይያዙት። ቀለህ የሚወጣበት መስኮት እንዳይሸፈን። አሁን ግራ እጅ ባለበት ይጽና፣ ቀኝ እጅ ሽጉጡን ወደ ፊት እንደ ቡጢ ይግፋ። የሚሠራው ክንድና ትከሻ ነው፤ የታመመው ጣት የሚይዘው ብቻ ነው። መጨረሻ ሲደርስ ስላይዱን ልቀቁት፤ እጃችሁ እየሸኘው ከሄደ ጥይቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፒፒኬ መዶሻው ከውጭ ስለሚታይ አንድ ተጨማሪ መላ አለው። መጀመሪያ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስበው ያቁሙት፣ ከዚያ ያቀባብሉ። ስላይዱ መዶሻውንም አብሮ መጫን ስለማይኖርበት በግልጽ ይቀላል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ሁለት መውጫ አለ። ሺልድ ኢዜድ ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ ነው፤ ካዝናውም ሲሞሉት ሞላውን በጣት ወደ ታች የሚስቡበት ጎን ላይ ጉብታ አለው፣ ለታመመ ጣት ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ እጀታው ጀርባ ላይ በመዳፍ የሚጫን መጠበቂያ ስላለው አያያዝ ከላላ አይተኩስም። ባለቤትዎ ጨብጠው መጠበቂያው ሙሉ በሙሉ ገብቶ እንደሆነ እርስዎ ከጎን ሆነው ይዩላቸው። ሌላው ቤሬታ ቶምካት ነው፤ አፈሙዙ በአንድ ቁልፍ ከኋላው ብድግ ስለሚል የመጀመሪያውን ጥይት በቀጥታ ያስገቡለታል፣ ስላይድ መሳብ አያስፈልግም። ግን ትንሽ ነው፣ ጥይቱም .32 ነው፤ ሁለተኛ ምርጫ አድርጋችሁ ያዙት።

ሞላውን በልል ሞላ ለውጡ የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። ስላይዱ አካሉን እየደበደበ ይጎዳዋል፤ ጥይቱንም እስከ መጨረሻ ገፍቶ የመዝጋት አቅሙ ይደክማል።

ጥያቄ፦ አዲስ ባለ 9×19 ሽጉጥ ነው። ባለቤቴ ስትተኩስ በየካዝናው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይነክሳል። እኔ ስተኩስ ምንም አይለውም። ሻጩ «ሽጉጡ ጤነኛ ነው» ይላል፤ እሷ ደግሞ እምነት አጥታለች።

መልስ፦ ሻጩም ባለቤትዎም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አውቶማቲክ ሽጉጥ ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ጥይት የሚያጎርሰው ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሮጥ አካሉ ባለበት ከቆመለት ነው። የእጅ አንጓ ከላላ አካሉም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስላይዱ ሞላውን እስከ መጨረሻ ሳይጨምቅ ይመለሳል። ቀለሁ ወጥቶ ሳያበቃ መስኮቱ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ ይያዛል። ይህ ቀላልና ትናንሽ ሽጉጦች ላይ ይብሳል። ስለዚህ «ለስላሳ ይሁንላት» ተብሎ የሚገዛው ትንሽ ሽጉጥ እሳቸው እጅ ላይ ከሁሉ የባሰ ነካሽ መሆኑ አያስገርምም።

ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መለየት ይቻላል። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ያስገቡና ይተኩሱ። ስላይዱ ኋላ ተከፍቶ ከቀረ ሽጉጡ ሙሉ ዑደቱን ሠርቷል። ይህን አሥር ጊዜ ይደጋግሙት። ባለቤትዎ እጅ ላይ ከተዘጋ ግን ወዲያው «አንጓሽ ላላ» አይበሉ፤ አውራ ጣታቸው የት እንዳረፈ መጀመሪያ ይዩ። በሁለት እጅ ሲይዙ ጣቱ የስላይድ ማቆሚያውን ትንሽ ማንሻ ከላይ ከተጫነው፣ ሽጉጡ ጤነኛ ሆኖም ባዶውን አይከፈትም። ከሥር ከገፋው ደግሞ በተቃራኒው ጥይት ሳያልቅ ተከፍቶ ይቀራል። ሁለቱም ከሽጉጥ ብልሽት ጋር ይምታታሉ፤ መፍትሔያቸው አውራ ጣቱን አንድ ሴንቲ ሜትር ማራቅ ነው።

አያያዙ እንዲህ ይስተካከል። ቀኝ እጅ እስከ ላይ፤ ግራ እጅ ባዶ የቀረውን የእጀታ ጎን በመዳፉ ይሙላው፤ ሁለቱም አውራ ጣቶች ወደ ፊት ይጠቁሙ፣ ከስላይዱ በስተኋላ ግን ፈጽሞ አይሻገሩ፤ ይቆርጣል። ከሁለቱ የበለጠ የሚጨብጠው ግራ እጅ ይሁን። የላይኛው ገላ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል።

ከዚህ በኋላም ከነከሰ ወደ ብረቱ እንሂድ። ካዝናዎቹን በማይለቅ ቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለው ቁጥር ይስጧቸው። ችግሩ ሁልጊዜ 2 ቁጥር ላይ ከሆነ ከንፈሩ ጠሟል ወይም ሞላው ደክሟል፤ ካዝናውን ይጣሉት፣ አይጠግኑት። በሁሉም ካዝና ላይ ከሆነ ቀለህ የሚጎትተውን መንጠቆ ሥር ያጽዱ፤ አዲስ ሽጉጥ ከፋብሪካ የሚመጣው በወፍራም መከላከያ ቅባት ነው። አጽድተው ስላይዱ የሚሮጥባቸው ሐዲዶች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ። መርፌው ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አይገባም፤ ጉድፍ ይሰበስብና ምቱን ያዳክመዋል። ልምምድ ላይ የሚጠቀሙት ርካሹን ባለ 115 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ጥይት ከሆነ ለአንድ ሳጥን ባለ 124 ይሞክሩ፤ ገና ያልለመደ ሞላ በደካማ ጥይት ሊሰንፍ ይችላል።

እኛ አንድን ሽጉጥ «የሚታመን» የምንለው 200 የልምምድ ጥይትና ለጥበቃ የተመረጠውን ጥይት ቢያንስ 50፣ በሁሉም ካዝናዎች፣ በሚይዘው ሰው እጅ ያለ እንከን ሲተኩስ ነው። በእርስዎ እጅ የተተኮሰው አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጭራሽ የማይራገጠውን .22 ብንገዛስ?

መልስ፦ ለልምምድ ከሱ የተሻለ የለም፤ ለጥበቃ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። የ.22 መለኮሻ ኬሚካል በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ የሚዘረጋ ስለሆነ አንድ ቦታ ከሳሳ መርፌው እዚያ ሲመታ ይከሽፋል። ቀለሁ ከንፈር ስላለውም ካዝና ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ እየተጠላለፈ ያስቸግራል። እጁ ሌላ ምንም መተኮስ የማይችል ሰው ግን በደንብ የሚመታበትን .22 ይያዝ፤ ዓይን ጨፍኖ ከሚተኮስ 9 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለስላሳ ግን የሚሠራ ጥይት የቱ ነው?

መልስ፦ በ9×19 ውስጥ ሳጥኑ ላይ የመደመር ምልክት ያለበትን ይተዉት፤ ግፊቱ ከመደበኛው በላይ ነው። ባለ 147 ግሬን (9.5 ግራም) አረር ቀርፋፋ በመሆኑ ርግጫው ብዙ ሰው ላይ ከምት ይልቅ ግፊት ሆኖ ይሰማል፤ ለእጅ የሚስማማው እሱ ወይም ባለ 124 እንደሆነ ባለቤትዎ ይወስኑ።

ቤት ውስጥ አፉ ቀዳዳ የሆነው፣ ሥጋ ሲያገኝ የሚከፈተው አረር ይመረጣል፤ ሙሉ በሙሉ የተለበጠው ሾጣጣ ሰው አልፎ፣ ግድግዳ አልፎ ሊሄድ ይችላል። የአሜሪካ የፌደራል ምርመራ ቢሮ መለኪያ በጀላቲን ውስጥ ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር መግባት ነው። ዘመናዊ የ9×19 ጥይቶች ይህን ያሟላሉ፤ .380 ላይ ግን ብዙዎቹ ከተከፈቱ ከ30 በፊት ይቆማሉ፣ ካልተከፈቱም ያልፋሉ። እጅ ከቻለው 9×19ን የምናስቀድመው ለዚህ ነው። የሕግ ገደብ ባለበት አገር ግን ቀዳዳ አፍ አረር ለግለሰብ ሊከለከል ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ቀን ልምምድ እንዴት እናድርግ? ባለቤቴ ድምፁን ነው የምትፈራው።

መልስ፦ ፍርሃታቸው ቦታው ላይ ነው። ርግጫ ፈራሁ የሚል ሰው ግማሹን የሚፈራው ጩኸቱን ነው። ሽጉጥ ሲተኮስ ከ150 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ 140 ላይ ጆሮ በአንድ ተኩስ ሊጎዳ ይችላል። አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ጩኸቱም ብልጭታውም ይጨምራል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ መድፈኛ፣ በላዩ ደግሞ የጆሮ ክዳን ይደርቡላቸው፤ መነጽርም አይረሳ። ጣሪያ ያለው ቦታ ድምፁን ስለሚመልሰው ለመጀመሪያ ቀን ሜዳው ይሻላል።

በ.22 ይጀምሩ፣ ኢላማው ከ5 ሜትር አይራቅ። ወደ 9 ሚሊ ሜትር ሲሸጋገሩ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይግባ፤ ያልጠበቁት ርግጫ ሽጉጡን ወደ ላይ ቢያዞረው ሁለተኛ ጥይት እንዳይኖር። ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ወደ ሁለት፣ ወደ አምስት ያሳድጉ። የዕለቱ ድምር ከ50 አይለፍ፤ የደከመ እጅ የሚማረው መጥፎ ልማድ ነው። «ፓ» ብሎ በሳሳ ድምፅ ከተኮሰ ያቁሙ፤ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡ ተፈትቶ፣ በአፈሙዙ ብርሃን እስኪታይ ሌላ አይተኮስ። ምላጭ ተስቦ ምንም ካልተሰማ ደግሞ አፈሙዙ ኢላማው ላይ እንዳለ 30 ሰከንድ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ጥይቱን ያውጡ።

እየተርበተበቱ እንደሆነ ለማወቅ እርስዎ ካዝናውን ይሙሉ፤ በጥይቶቹ መካከል፣ እሳቸው በማያውቁት ቦታ፣ አንድ ሁለት ባሩድ የሌለው ማለማመጃ ጥይት ይደባልቁ። ባዶዋ ላይ ሲደርሱ አፈሙዙ ወደ ታች ከነቀነቀ ርግጫውን ቀድመው እየተዋጉት ነው። ያኔ ወደ .22 ይመለሱ። ይህን ሲሠሩ ተራ ይለዋወጡ፤ የእርስዎም አፈሙዝ ሊነቀንቅ ይችላል፣ አብዛኛው ባልም ይህን ሲያይ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ልጆች አሉን። ትራስ ሥር ማድረግ ተገቢ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መሳቢያም፣ ቁም ሳጥን አናትም፣ የልብስ ክምር ውስጥም አይሆንም፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቤት ውስጥ የለም። ከግድግዳ ወይም ከአልጋው ብረት ጋር በብሎን የታሰረ፣ በቁጥር ቁልፍ የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን ይግዙ። በጣት አሻራ የሚከፈተው እርጥብ ወይም ዘይት በነካው ጣት ሊያስቸግር ስለሚችል የቁጥር መክፈቻም ያለውን ይምረጡ፤ ባትሪውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀኑን ጽፈው ይለውጡ። ሁለታችሁም በጨለማ፣ በአንድ እጅ መክፈት እስክትችሉ ተለማመዱ።

ከቤት የሚወጣ ከሆነ አፎቱ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ወጥቶም አፉ የማይጨመደድ ጠንካራ ይሁን። የእጅ ቦርሳ ከሆነ ለሽጉጡ ብቻ የተለየ ኪስ ያስፈልጋል፤ ቁልፍና የከንፈር ቀለም አብረው ሲገቡ ምላጩ ዘንድ የሚደርሱ ነገሮች ናቸው። ከቤተሰቡ አንዱ በከባድ ጭንቀት ወይም ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ካለ ደግሞ ሣጥኑም አይበቃም፤ እስኪሻለው ድረስ መሣሪያው ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።